ውሃ የሚቀዳለት ፍልስፍና

ውድ ወንድሜ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል ሲጀመር አይቼ ስለማላውቅ ነው፤ ብዙ አትመንዝረው። ስለ ጤንነትህም አልጠይቅህም። ደህና እንደሆንክ አውቃለሁ። አንተ ደህና ያልነበርክበት ቀን ትዝ አይለኝም። በዙሪያህ ያለው ሰው ሁሉ ሲያዝን፣ ሲያለቅስ፣ ዕቃውን ጠቅልሎ ሲወጣ አንተ እግርህን አጣጥፈህ ደህና ነህ።

ያልደወልኩልህ ፈርቼህ አይደለም። በአፍ ከሆነ ታሸንፈኛለህ። «እማዬን በደልካት» ስልህ «መጀመሪያ በደል ስንል ምን ማለታችን ነው?» ትላለህ፤ እኔ ንዴቴን ስውጥ አንተ ፈገግ ብለህ ሻይህን ትጠጣለህ። ወረቀት ግን አይቋረጥም። እኔ ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሳስከፍት የምውል የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ ዛሬ ያንተን አዘግቼ መናገር አምሮኛል።

የግብዣ ካርድህ ደርሶናል። ወፍራም ወረቀት፣ ወርቃማ ፊደል፣ ከላይ አበባ። «የአምልኮ አዳራሻችን የምረቃ በዓል» ይላል። አምልኮ! ካርዱን ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁት፤ ሌላ ሰው የላከው መስሎኝ ነበር። በስፒል ያያያዝካትን ብጣሽ ወረቀትም አየኋት፦ «እትዬ፣ እማዬን አሳምነሽ አምጪልኝ። ፊት ወንበር ተይዞላታል። የመጀመሪያዋ ደጋፊያችን ስለሆነች ሁለት ሦስት ቃል ብትናገር ለሰዉ ትልቅ ትርጉም አለው።»

ደጋፊ። ከገዛ ቤቷ ያስወጣሃትን ሴትዮ ደጋፊ ስትላት እጅህ ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም? ጽሑፍህ እንደሁ ቀጥ ያለ ነው፣ እንደ ድሮው ያምራል። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ካርዱን አነበበችና በጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ «ወረቀቱ ጥሩ ነው» አለች። ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እኔ እንደሷ ጨዋ ስላልሆንኩ ነው ይህን የምጽፍልህ።

«ጠበቃው» ያልንህ ገና የጫማህን ክር ራስህ ማሰር ሳትችል ነው። ለእንግዳ ተብሎ ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠውን ኬክ ግማሹን ጨርሰህ፣ ክሬሙ አፍንጫህ ላይ እያለ፣ «አልበላሁም፤ ቀመስኩ» አልክ። አባባ «መቅመስና መብላት ምን ለያቸው?» ቢልህ «መብላት ሲያልቅ ነው» አልከው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባባ እንባውን እየጠረገ ትከሻህን መታ መታ አደረገህ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም፤ እንግዶቹ መጥተው ኬኩ ሲቆረስ ያልደረሰኝ እኔ ነበርኩ። ያኔ አንድ ጥፊ ብታገኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ጥፊውን ቀምሰህ ብቻ ቢሆን እንኳ ይበቃህ ነበር።

ቤታችንን የረሳኸው ስለመሰለኝ ላስታውስህ። እማዬና አባባ የተለያየ ሃይማኖት ነበራቸው። የሁለቱም ዘመዶች አኩርፈው ሠርጋቸው ላይ አልተገኙም። ምድር ቤቱ የእማዬ የልብስ ስፌት ቤት ነበር፤ አባባ ደግሞ የሚጸልይበት ሌላ ቦታ ስላልነበረው እዚያው ጥግ ላይ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጀርባ ይቆም ነበር። አውቶቡሱን አቁሞ፣ እጅና ፊቱን ታጥቦ ሲገባ እማዬ እግሯን ከፔዳሉ ላይ ታነሳለች። ማሽኑ ጸጥ ይላል። ደንበኛ ግማሽ እጅጌ ለብሶ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሙሽራ እናት ብትጮህም ትጠብቃለች። ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ አንዷ «ለአንድ ሰው ብለሽ?» ስትላት እማዬ ክሩን በአፏ እንደያዘች በጣቷ ዝም አሰኝታታለች። አባባ ሲጨርስ ከኋላዋ ያልፍና በሁለት ጣቱ ትከሻዋን ነካ አድርጎ «በይ ቀጥዪ» ይላታል። ማሽኑ ይነሳል። እሷም በተራዋ ስትጸልይ አባባ ሬዲዮኑን ይዘጋል፤ የኳስ ጨዋታም ቢሆን፣ የሚደግፈው ቡድን ሊያገባ ቢሆንም ይዘጋል። የአንዳቸው እምነት ለሌላው ልክ ይሁን ስህተት ተነጋግረውበት አያውቁም። በዚያ ጥግ ግን የወደቀ ክር እንኳ አይታይም ነበር። ሁለት ቤተሰብ ፊት የነሳው ትዳር እስከ መጨረሻው የቆመው በዚህ ነው።

አባባ ከሞተ በኋላ አንተ ከሩቅ አገር ጉዞህ ጭንቅላትህን ተላጭተህ፣ የቡድሃ ሐውልት በፎጣ ጠቅልለህ መጣህ። ምድር ቤቱን ፈለግክ። ሰው ሰብስበህ ተመስጦ ልታስተምር። እማዬ መቀሷን አስቀመጠችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችህ። እኔ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ስለዚህ «እንዲህ አላልኩም» ብለህ አትድከም።

«ሃይማኖት ነው እንዴ?» አለችህ። «ሃይማኖት ከሆነ ንገረኝ። አልከለክልህም። ሥርዓቱን እንድይዝለት ብዬ ነው።»

«ሙች እማዬ፣ ሃይማኖት አይደለም» አልካት። ሙች ብለህ ማልክባት፤ በቁሟ። «ፍልስፍና ነው። ፈጣሪን አምልኩ አይልም፤ ጠይቁ፣ መርምሩ ነው የሚለው። እንደ ትምህርት ቤት ቁጠሪው።»

«ታዲያ ሐውልቱ ምን ይሠራል?» አልኩህ እኔ።

«ማስታወሻ ነው፣ እትዬ። ሰው የሊቅ ፎቶ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ የለ?»

«በትንንሽ ሳህን የምትቀዳለት ውሃስ?»

«ምልክት ነው።»

«ስግደቱስ?»

«የአካል እንቅስቃሴ። ለወገብ ጥሩ ነው፤ አንቺም ብትሞክሪው አይጎዳሽም።»

እስከ ዛሬ ለየትኛው ፈላስፋ ነው ጠዋት ጠዋት ውሃ ሲቀዳለት ያየኸው ብዬ ብጠይቅህ «ጥርስ ነቃይ» ብለህ ሳቅክብኝ። እማዬ ግን አመነችህ። ልጇ ነህ፤ ምን ታድርግ። ቦታ ለቀቀችልህ፣ ወለሉን በሳሙና አጠበችልህ፣ ተማሪዎችህ የሚቀመጡባቸውን ትራሶች ከራሷ ጨርቅ ቆርጣ ሰፋችልህ። ሐውልቱን የት አስቀመጥከው? በአባባ ጥግ። እዚያ ጥግ ላይ ትምህርት ቤት ከፈትክ።

ለምን እንደዋሸሃት ብዙ አሰብኩበት፤ መልሱ ቀላል ሆኖ ነው ያገኘሁት። የሰበሰብካቸው ሰዎች የባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ የሕግ ባለሙያ፣ ከሚስቱ የተፋታ ነጋዴ ናቸው፤ ሃይማኖት ብትላቸው ነጠላ ጫማቸውን ጥለው ይሮጡ ነበር። ፍልስፍና ስትላቸው ግን እንደተማሩ ይሰማቸዋል። አንተም ተመቸህ። ሃይማኖት ቢሆን ኖሮ አንተም እንደማንኛውም ሰው ከኋላ ተሰልፈህ ጎንበስ ማለት ነበረብህ። ፍልስፍና ሲሆን ግን ፊት ለፊት የምትቀመጠው አንተ ነህ።

እማዬ ፍልስፍና መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ በነፃነት ኖረች። ማሽኗን መስኮቱ ሥር አደረገችና እናንተ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስትቀመጡ እሷ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ትምህርት ቤት አይደል? የሐውልቱ ቁመት ለእጇ ተመችቷት የልብስ መለኪያ ሜትሯን አንገቱ ላይ ታንጠለጥልበት ጀመር። ጭኑ ላይ በተዘረጋው መዳፉ ጠመኔዋን አስቀመጠች። «ይሄ ሰውዬ ጨዋ ነው፤ ዕቃዬን ይይዝልኛል» ትል ነበር። ከጎረቤት ጋር በመስኮት እየተጯጯኸች የሽንኩርት ዋጋ ታማርራለች። አንድ ቀን ዝናብ ሲመጣ የታጠበ ካልሲዋን ሰብስባ ትከሻው ላይ አስጥታበት አየሁ፤ ሳቄ መጥቶ ወጣሁ። እኔማ ፍልስፍና እንዳልሆነ ባውቅም፣ አንተ ፊት ቆመህ እያየህ ዝም ስትል የማይከፋችሁ መሰለኝ።

ከተማሪዎችህ አንዷ ግን ከፍቷት ነበር። መነጽር ሻጯን ማለቴ ነው፤ ያቺን ድምፅዋ የማይሰማ፣ ለዓመታት እዚያ ሩቅ አገር ሠርታ ቋንቋቸውን ለምዳ የመጣችውን። አንድ ጠዋት ለእማዬ መድኃኒት ይዤ ስመጣ ከሁላችሁም ቀድማ ገብታ ብቻዋን ነበረች። ሜትሩን ከሐውልቱ አንገት በቀስታ አወጣችው፣ ጠመኔውን አነሳች፣ ተንበርክካ ግንባሯን ወለሉ ላይ አሳረፈች። ለረጅም ጊዜ አልተነሳችም። ከዚያ ሜትሩን እንደነበረው መልሳ አንገቱ ላይ አደረገችው፤ እጥፋቱን ሳይቀር አስተካክላ። እማዬን ላለማሳፈር። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። አሁን ይህቺ ሴት ምን ትምህርት እየተማረች ነው? የወገብ እንቅስቃሴ?

ያን ዕለት ቆይቼ፣ ሁላችሁም ስትወጡ ደረጃው ላይ አንተና እሷ ያወራችሁትን ሰማሁ። «ለእናትዎ ብንነግራቸው ምን አለበት? ባለማወቅ ነው እንጂ እሳቸው እንዲህ የሚያደርጉ ሰው አይደሉም» አለችህ። አንተ ምን አልካት? «ተዪያት። እሷ መልመጃችን ናት። ጩኸቷን ታግሰን ከተቀመጥን ሌላው ሁሉ ቀላል ነው።»

መልመጃ። የወለደችህን ሴት እንደ ስፖርት ብረት ስታነሳትና ስታስቀምጣት ነበር ማለት ነው። እሷ ደግሞ ከላይ ሆና ለተማሪዎችህ ሻይ ታፈላለች።

ከዚያ ከሩቁ አገር የጋበዝካቸው የቡድሃ መነኩሴ መጡ። «ታሪካዊ ቀን» ብለህ ሁላችንንም ስለጠራኸን እኔም ክሊኒኬን ዘግቼ መጣሁ። አንተ አዲስ ሸሚዝ ለብሰህ፣ ስለ ንቃተ ኅሊና የምታደርገውን ንግግር በልብህ እያጠናህ ነበር። ሰውዬው ግን ሽማግሌ፣ ቀጭን፣ የካባቸው ጠርዝ ተተርትሮ የሚጎተት፣ መጀመሪያ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ የጠየቁ ሰው ናቸው። ወጥተው ሲመለሱ ሐውልቱን አዩት። ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ ጠመኔው መዳፉ ላይ። አንተ ሮጠህ ልታነሳ ነበር፤ አልደረስክም። እሳቸው ምንም ሳይመስላቸው ተንበርክከው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ግንባራቸውን ወለሉ ላይ ደፉ።

ማሽኑ ቆመ። አባባ ከሞተ ወዲህ በሥራ መሀል እንዲያ ሲቆም ሰምቼው አላውቅም። የእማዬ እግር ከፔዳሉ ላይ ተነስቶ አየር ላይ ቀርቷል።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«እየሰገዱ ነው፣ እማማ» አለቻት መነጽር ሻጯ።

«ለዚህ?»

መነኩሴው ሲነሱ እማዬም ተነስታ ፊታቸው ቆመች። «አባቴ፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ ይሄ ሃይማኖት ነው?» አለቻቸው። መነጽር ሻጯ ወደ አንተ አየች። አንተ ራስህን ነቀነቅክ፤ አየሁህ፤ «አትተርጉሚ» ማለትህ ነው። ተረጎመችው።

ሽማግሌው ሳቁ፤ ደስ የሚል ሳቅ ነው። «ወደዚህ መንገድ እጄን ይዛ የወሰደችኝ እናቴ ናት። ሞታለች። አሁንም ስሰግድ ለሷ ጭምር ብዬ ነው። ይህን ሃይማኖት ካላልነው ምን እንለዋለን?» አሉ። ቀጥለው ትንሽ አሰቡና «በሐሳብ የሚመረምሩትም አሉን፤ ብዙ መጽሐፍ ጽፈዋል። እኔ በዚያ በኩል ጎበዝ አልነበርኩም» አሉ። ይኸው ነው። አንተ ስትከራከርበት የኖርከውን ነገር ሰውዬው እንደ ስማቸው ተናገሩት፤ አላፈሩበትም፣ አልኮሩበትም።

እማዬ ሜትሩን አወረደች። ጠመኔውን አነሳች። የሐውልቱን መዳፍ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ የጠመኔው ዱቄት ጣቶቹ መሀል ገብቶ ስለነበር ትንፋሿን እየተነፈሰች ደጋግማ ጠረገችው። «ሰው በሚሰግድበት ፊት ካልሲዬን አስጥቼ ኖርኩ» አለች። ከዚያ ወደ አንተ ዞረች። «አንተ ልጅ፣ ጠይቄህ አልነበረም?»

«እማዬ፣ ጥያቄው ራሱ ነው ችግሩ» አልካት። በዚያ ሰዓት! «ሃይማኖትና ፍልስፍና ብሎ መክፈል ከውጭ የመጣ አስተሳሰብ ነው። እነሱ ዘንድ እንዲህ ያለ ግድግዳ የለም። አየሽ፣ ‹ነው› ወይም ‹አይደለም› ማለት ራሱ...»

አየች፤ አንተን ነው ያየችው። ምናልባትም ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ ትታህ የመነኩሴውን ካባ ጠርዝ ይዛ «ይህን ልስፋልዎት» አለች። በማሽን አልሰፋችውም። እግራቸው ሥር ተቀምጣ በእጇ ዘመዘመችላቸው፤ እሳቸው ቆመው ጣሪያውን እያዩ ጠበቋት። ንግግርህን ያን ጊዜ ጀመርክ። አንድ ቃል የሰማህ ሰው ያለ አይመስለኝም።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ይቅር ብዬህ ነበር። ሰው ይዋሻል፤ ይጋለጣል፤ ያፍራል፤ ያልፋል። አንተ ግን ማፈር የሚባለውን ዘለህ በቀጥታ ወደ ጥቅምህ ሄድክ። ሳምንት ሳይሞላ እማዬን አስቀምጠህ፣ እጇን ይዘህ፣ በዚያች ለስላሳ ድምፅህ «እንግዲህ ሃይማኖት መሆኑን ካወቅሽ ራስሽ ያስተማርሽንን ነው የምልሽ። ሰው በሚጸልይበት ማሽን አይነሳም። የአባባን ጊዜ አስቢ» አልካት።

አባባን ጠራህ! ፍልስፍና ነው ብለህ የአባባን ጥግ ወሰድክ፤ ሃይማኖት ነው ብለህ ደግሞ የእማዬን መስኮት ወሰድክ። አንድ ሐውልት፣ አንድ ምድር ቤት፣ ሁለት መልስ፤ ሁለቱም ላንተ የሚያደላ። ስትገባ ቀመስኩ፣ ስትጨርስ በላሁ። እሷ ደግሞ ያን ጊዜ በኀፍረት ተሸብባ ስለነበር «ልክ ነህ» አለች። ጫኚዎቹን ራሷ ጠራች። ማሽኑ ሲወጣ አንተ በሩን ይዘህ ቆምክ። ትሕትናህ ደግ ነው፣ በር ትይዛለህ!

ከዚያ ወዲህ እሷ እኔ ቤት ናት፤ ማሽኑ ክሊኒኬ ጓዳ ውስጥ፣ የመርፌና የጓንት ካርቶን ተደርድሮበት ኖሯል። ካመጣነው ወዲህ ክዳኑን ስትከፍት አላየኋትም ነበር። ጠዋት ለባብሳ ትመጣና ታካሚ መስላ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ትቀመጣለች። ሥራ እንድትጀምር ስለምናት «ለማን?» ትላለች። ደንበኞቿ የሚያውቁት ያንን መስኮት ነው፤ መስኮቱ ላይ ደግሞ «ጸጥታ ይከበር» የሚል ለጥፈህበታል። ባለፈው የአንድ ልጅ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ተቀድዶ አይታ እጇ ኪሷ ውስጥ ክር ሲፈልግ አየኋት። ኪሷ ባዶ ነበር። ማታ ማታ ደግሞ ያ ነገር ይመለስባታል። «እነዚያ ሰዎች ያን ሁሉ ጊዜ ምን ይሉኝ ነበር? ባለጌ ናት ብለው ይሆን?» ትለኛለች። አምላክ የሌለው ነገር ነው ብለህ የማልክላት ሴት አሁን ቡድሃውን ቅር አሰኝቼው ይሆን ብላ ትጨነቃለች። ሙያዋንም ጨዋነቷንም በአንድ ጊዜ ነው የነጠቅካት፤ ሁለቱንም በራሷ እጅ አስወጥተህ።

መጽሐፍህን እንዳላነበብኩት አታስብ። «ሃይማኖት ወይስ ፍልስፍና?» የሚለውን፣ ሽፋኑ ላይ ያንተ ፎቶ ያለበትን። እንግዳ መቀበያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። አንዱ ታካሚዬ ሁለት ገጽ አንብቦ «ዶክተር፣ ያለ ማደንዘዣም ቢሆን ቶሎ ንቀይልኝ» ብሎኛል።

አንድ ነገር ግን በትክክል እንድትረዳኝ እፈልጋለሁ። የምንቀው ጥያቄውን አይደለም። ጥያቄው ደግ ጥያቄ ነው። ፈጣሪ የሌለበት ትምህርት እንዴት ሃይማኖት ይባላል ብሎ እንቅልፍ ያጣ ሰው ቢኖር አከብረዋለሁ። ስግደት ያለበት፣ መሐላ ያለበት፣ ሙታን የሚታሰቡበት ነገር እንዴት ፍልስፍና ብቻ ይሆናል የሚለውንም አከብረዋለሁ። መነጽር ሻጯ ግንባሯን መሬት ስታስነካ አየኋት፤ አከበርኳት። የሕግ ባለሙያው ደግሞ መስገድ አይሆንልኝም፣ ሐሳቡን ነው የምወደው ብሎ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ እሱም ይሁንለት። እነሱ ከፈለጉት ነገር ጋር ይኖራሉ። የምንቀው አንተን ነው። አንተ ሁለቱንም እንደ ጃንጥላ ነው የያዝካቸው፤ ዝናቡ በመጣበት በኩል ታዞራቸዋለህ። ቡድሃ የሚባሉት ሰው ምን እንዳስተማሩ ጠልቄ አላውቅም፤ ነገር ግን «የኔ» የሚለውን ነገር ልቀቅ ማለታቸውን ከራስህ አፍ ሰምቻለሁ። ምድር ቤቱን ስትይዝ ግን እጅህ ምንኛ የጠነከረ ነው!

እስከዚህ ያለው የኔ ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን የእማዬ ነው፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ትናንት ቁርስ ላይ ካርድህን ከመሳቢያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አባትሽ ጸሎቱን ሲጨርስ ምን ይለኝ ነበር?» አለችኝ።

«‹በይ ቀጥዪ›።»

«አዎ» አለች። ከዚያ ሳቀች፤ ለስንት ጊዜ ያላየሁትን ሳቅ። «እኔ ቂል! ማሽኑ ይቁም እንጂ ይውጣ ያለ ማን ነበር? አባትሽ ሃያ ዘመን ሲጸልይ አንድ ቀን ማሽኑን ውጪ አላለውም። ያ ልጅ ግማሹን ነግሮኝ ግማሹን ዋጠው።»

ከዚያ «ጻፊ» አለችኝ። ጻፍኩ።

«ልጄ፣ ለምረቃው እመጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንዱን መርጠህ በሰዉ ሁሉ ፊት ተናገር። ፍልስፍና ነው ካልክ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ያ ክፍል የሥራ ክፍሌ ነው፤ ማሽኔን መስኮቴ ሥር መልሼ እናንተ ስትከራከሩ እሰፋለሁ። ሃይማኖት ነው ካልክም ደስ ይለኛል። ጫማዬን አወልቃለሁ፣ ጥጉን እጠርጋለሁ፣ ስትቀመጡ ማሽኑን አቆማለሁ። ስትጨርሱ ግን አንተ ራስህ ከኋላዬ ታልፍና እንደ አባትህ ትከሻዬን ነካ አድርገህ ‹በይ ቀጥዪ› ትለኛለህ። ሌላ ምርጫ የለህም።»

እንዳየኸው፣ ጠበቃዬ፣ በየትኛውም መልስ ማሽኑ ይመለሳል። ክርክሩን አሸንፍ፤ ወደፈለግከው ወገን አሸንፍ። ጫኚዎቹ ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ናቸው። ይህን ጊዜም በሩን ያዝላቸው፤ ለምደኸው የለ?

አንድ ዕቃ አብሮ ይመጣል። ዛሬ ጠዋት ካርቶኖቹን አውርዳ የማሽኑን ክዳን ከፈተችና አንድ ነገር ስትሰፋ ዋለች፤ ታካሚዎቼ የጥርስ መሰርሰሪያ መስሏቸው ፈርተው ነበር። ወፍራም ቢጫ ጨርቅ ነው፤ ዙሪያው ተዘምዝሟል፣ ከሐውልቱ ሥር የሚነጠፍ። ሜትሩ ላንጠለጠለበት፣ ካልሲው ለተሰጣበት ካሳ መሆኑ ነው። «ለሱ ስትሰፊ ትውያለሽ ደግሞ?» ብዬ ተቆጣሁ።

«ለሱ አይደለም» አለች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «ለሚሰግዱት ነው።»

ጥርስ ነቃይዋ እህትህ